ትሉን እንረግማለን፤ ክንፉን አናውቅም

ሰኔ 2009 ዓ.ም. ቡሬ አካባቢ አጎቴ ቤት ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ዝናቡ ቀን እየጣለ ማታ ያባራል። ከእራት በኋላ ደጅ ተቀምጠን ስናወጋ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለችውን የሶላር መብራት የእሳት እራት ከቧት ነበር። አንዱ መጥቶ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ዳለቻ ነው። ክንፎቹን እንደ ጎጆ ክዳን ገጥሞ ጸጥ አለ። የክንፉ ጫፍ ላይ ኖራ የነካው የመሰለ ነጭ ምልክት ነበረበት። በጣቴ ገፋሁት፤ ጣቴ ላይ አመድ የመሰለ ብናኝ ቀረ። ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ወሬዬን ቀጠልኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አጎቴ ደወለ። «በቆሎውን የማላውቀው ነገር ገባበት» አለኝ። ያስደነገጠኝ ግራ መጋባቱ ነው። አርባ ዓመት ያረሰ ሰው ነው። ተምችን ያውቃል፣ የአገዳ ቆርቁርን ያውቃል፣ አንበጣንም ያውቃል። «ተምች እንዳልለው መሬት ለመሬት አይጓዝም። ቆርቁር እንዳልለው አገዳው ደህና ነው። ልቡ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚበላው፤ ምን ልበልህ?» አለ። ቅዳሜ ሄድኩ። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። የበቆሎው ልብ ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ የትል ኩስ ተቆልሏል። ጣቴን ሰድጄ አንዱን አወጣሁት፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር ያለው፣ ጅራቱ አካባቢ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡበት ትል ነበር።

የአካባቢው የልማት ሠራተኛ ቅን ልጅ ነው፤ ጭቃውን አቋርጦ በእግሩ መጣ። ከቦርሳው ለየገበሬው እንዲታደል የተላከለትን ባለቀለም ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልን። ትሉ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከላይ ተነሥቷል። ከሥሩ የኬሚካሎች ስም ተደርድሯል። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። «ክንፍ ሲያወጣስ ምን ይመስላል?» አልኩት። ልጁ አቀረቀረ። «የእሳት እራት ነው ብለውናል» አለ፣ «መልኩን ግን አላሳዩንም»።

እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም ያቃጥለኛል። አንድ አገር ጠላቱ በር አንኳኩቶ ሲገባ ፊቱን ሳያይ፣ ምግቡን በልቶ ሲወፍር ብቻ ፎቶ ያነሣዋል። ትሉ የመጣ ነገር አይደለም። ትል ክንፍ የለውም፣ ተራራ አይሻገርም። የመጣው የእሳት እራቱ ነው። እኛ ግን ስለሚመጣው አንድ ቃል ሳንናገር፣ መጥቶ ስለፈለፈለው ስንጮህ ዓመታት አለፉ።

«የእሳት እራት» የሚለው ስም ራሱ አዘናግቶናል። በአፋችን እሳት የሚበላው፣ ኩራዝ ላይ ተቃጥሎ የሚወድቅ፣ ሲነጋ በመጥረጊያ የሚጠረግ ምስኪን ነገር ነው። እራት እሱ ነው ብለን ተኛን። የእኛን እራት ፍለጋ የሚበር መኖሩን ልጅ ሆነን የነገረን የለም። በተማርኩበት ትምህርት ቤት የነፍሳት ዕድገት ደረጃ ሲባል ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚሳለው ሁልጊዜ አንዲት ያማረች ቢራቢሮ ነበረች። የምንበላውን በቆሎ የሚበላው ዳለቻ ፍጥረት ሥዕል አንድም ቀን አልተሳለልንም።

ይህ ፍጥረት ደግሞ ለዓለም አዲስ አይደለም። በሳይንስ ስሙ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ይባላል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን የጠፋ ፍሬ ማለት ነው። አገሩ የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ነው። ብርድ አይችልም። በዩናይትድ ስቴትስ ክረምቱን ማለፍ የሚችለው በደቡብ ፍሎሪዳና በደቡብ ቴክሳስ ብቻ ነው፤ በየዓመቱ ሙቀቱ ሲመለስ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይበራል። እንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1797 መግለጫውን ሲያሳትም፣ በጆርጂያ ይኖር የነበረው ሠዓሊ ጆን አቦት ነፍሳቱን እያየ የሳላቸውን ሥዕሎች ይዞ ነው። ልብ በሉ፤ ኢትዮጵያ ከመድረሱ 220 ዓመት ቀደም ብሎ መልኩ ተስሎ ታትሟል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ለልማት ሠራተኛው በተሰጠው ወረቀት ላይ ለክንፉ የሚሆን አራት ጣት ቦታ አልተገኘም።

ወደ አፍሪካ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በምዕራብ አፍሪካ፣ በናይጄሪያና በጎረቤቶቿ ነው። እኛ ጋ በ2009 ዓ.ም. በልግ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ታየ። ወራት ሳይቆጠሩ ኦሮሚያን፣ አማራን፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝን፣ ጋምቤላን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ህንድ ካርናታካ ገባ፤ በ2019 መባቻ ቻይና ዩናን ደረሰ፤ በ2020 አውስትራሊያ ረገጠ። በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር መብረር የሚችል ፍጥረት ነው። ነፋስ ሲያግዘው እንቁላሉን ከመጣሉ በፊት 500 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ከአዲስ አበባ ጎንደር በአየር ከዚህ ያነሰ ነው። እንግዲህ እንዲህ የሚጓዝን ነገር ማሳ ውስጥ ተንበርክኮ በመልቀም ብቻ የሚያስቆመው ማን ነው?

መልኩን ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ያልነገሩን ይህንን ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአውራ ጣታችሁን የላይኛውን አንጓ አስቡ፣ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። የወንዱ የፊት ክንፍ ዳለቻና ቡናማ የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ነጭ ምልክት አለው፤ ወደ ክንፉ መሐልም ነጣ ያለ ሌላ ምልክት ይታያል። የኋላ ክንፉ ሌላ ዓለም ነው። ብር የመሰለ፣ ብርሃን ሲያገኝ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩን ቀጭን ጥቁር መስመር ይከበዋል። ሲያርፍ ግን ይህን ውበት ይደብቀዋል። ለዚህ ነው ጠረግነው እንጂ ያላየነው።

ሴቷ ከባድ ናት። ያ ነጭ ምልክት የላትም። ዳለቻ ናት፣ አለቀ፤ ከመቶ ሌላ የእሳት እራት መሐል ዓይን አይለያትም። የኋላ ክንፏ ግን እንደ ወንዱ ብርማ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ደግሞ እሷ ናት። በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 200 የሚሆን፣ ብዙውን ጊዜ በቅጠሉ ሥር፣ በገዛ አካሏ ብናኝ ሸፍና ታስቀምጠዋለች። ያያችሁት እንደሆነ ሻጋታ ይመስላችኋል። በዕድሜዋ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ አንዳንዴም ሁለት ሺህ ትጥላለች።

ቀኑን አብራችሁኝ ቁጠሩ፤ ክርክሬ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ክንፍ ካወጣች ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ መጣል ትጀምራለች። በሞቀ አገር እንቁላሉ በሁለትና በሦስት ቀን ይፈለፈላል። የተፈለፈሉት ከፀጉር የማይወፍሩ ናቸው፤ የቅጠሉን አንድ ገጽ ፍቀው መስኮት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋሉ። ከዚያ ይበታተናሉ፣ የበቆሎው ልብ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ሲገናኙ ትልቁ ትንሹን ስለሚበላ በአንድ ልብ ውስጥ መጨረሻ ላይ የምታገኙት አንድ ወይም ሁለት ነው። ስድስት ደረጃ አላቸው። ከሚበሉት አብዛኛውን የሚበሉት በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። ስለዚህ የእሳት እራቱ መብራት ላይ ከታየበት ማታ አንሥቶ ገበሬው «ትል ገባብኝ» ብሎ እስከሚጮህበት ቀን ድረስ ሁለትና ሦስት ሳምንት አለ። በእነዚያ ቀናት አንዲት ሴት ቅጠሉን ገልብጣ በአውራ ጣቷ አንዴ ብትጨፈልቅ ሁለት መቶ ትል ይጠፋል። ያለ ገንዘብ፣ ያለ መርዝ፣ ያለ ስብሰባ።

እነዚያን ቀናት ማን ጣላቸው? ገበሬው አይደለም። ምን እንደሚፈልግ ያልተነገረው ሰው ምኑን ይፈልግ? የጣላቸው መልኩን እያወቀ ያልነገረው ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? መርዝ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ትሉ አድጎ፣ ልቡ ውስጥ ተወትፎ፣ የራሱ ኩስ እንደ ክዳን ከላይ በደፈነለት ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ረጩበት። ያደገ ትል መርዝን ከትንሹ ይልቅ ይቋቋማል፤ ቀን ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይደበቃል። መርዙ ቅጠሉን አጥቦ መሬት ወረደ። አጎቴ መርጫውን በባዶ ጀርባው አዝሎ፣ አፉን በፎጣ ሸፍኖ፣ በባዶ እግሩ ነው ማሳውን የዞረው። ጓንት የሰጠው የለም። ማታ አስታወከው። ሚስቱ እትዬ ልብሱን በእጇ አጠበችው። በማግስቱ የመርዙን ጠርሙስ ታጥቦ ጓዳ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት፤ ዘይት ሊቀዳበት ነው። አውጥቼ ቆፍሬ ቀበርኩት። «ደህና ጠርሙስ ምነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? የጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ እሷ በማታነበው ቋንቋ ነበር።

መርዝ ፈጽሞ አይነካ አልልም። በጊዜው፣ በልኩ፣ መልበሻው ተሟልቶ፣ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ የሚያድንበት ቦታ አለ። እኔ የምቃወመው ያልታየን ጠላት በጭፍን መርጨትን ነው። ጭፍን መርጨት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ዓለም አይቶታል። በአሜሪካ አህጉር ይህ ፍጥረት የተለያዩ መርዞችን ተላምዷል። በፖርቶ ሪኮ እሱኑ እንዲገድል ተብሎ የተሠራውን የበቆሎ ዘር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋቁሞ ተገኝቷል። እኛ ገና መልኩን ሳናውቅ መርዛችንን እያስተማርነው ነው።

በዚያ ላይ ወዳጃችንንም ገደልን። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ ማሳዎች ትሉን ሰብስበው ሲያሳድጉ፣ ከአንዳንዱ የወጣው የእሳት እራት አልነበረም። ትንሽዬ ተርብ ነበረች። ስሟ ኮቴሲያ አይሲፔ ነው፤ ናይሮቢ ካለው የአይሲፔ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የተወሰደ። እንቁላሏን ትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ ከውስጥ እየበላው ያድጋል። በኢትዮጵያ ከተሰበሰበው ትል በእሷ የተያዘው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ ነበር። ማንም ሳያዛት፣ ማንም አበል ሳይከፍላት፣ በየማሳችን ሥራዋን ጀምራ ነበር። እኛ ምን አደረግን? ከትሉ ቀድማ የምትሞትበትን መርዝ ረጨንባት። ይህን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል።

አንድ የተማረ ሰው ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ገበሬውን የክንፍ ቀለም ልታስተምረው ነው? የሚፈልገው መድኃኒት ነው» አለኝ። ይህ ንቀት ነው፤ በስሙ መጠራት አለበት። የእኛ ገበሬ ስለ ቀለም የሚያስተምረው ሰው አይፈልግም። ከብቱን ሲጠራ ዳለቻ፣ ዳማ፣ ቦራ፣ ቡሬ፣ ጠቋር እያለ በአንድ ዓይን አይቶ ይለያል። የጎረቤቱን በሬ በግንባሩ ካለች ነጭ ነጥብ የተነሣ ገበያ መሐል ያውቀዋል። ሰው ጥራጥሬን በቅርፊቱ፣ ሰማዩን በደመናው እያነበበ በሚኖርበት አገር የክንፍ ጫፍ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ ከበደችው ማለት ድፍረት ነው።

ማስረጃዬን ልንገራችሁ። በተከተለው ዓመት ወንዱን ይዤ ብርጭቆ ከድኜበት ለአጎቴ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ጥቂት አየው። «ይኼማ ዳለቻ ቦራ ነው» አለ። በቃ። እንዲህ ነው ስም የሚወጣው። በሳምንቱ የጎረቤት ልጆች «ዳለቻ ቦራ መጣ» እያሉ መብራት ሥር ይሯሯጡ ጀመር። ልጆቹ በሮጡ ማግሥት እትዬና ምራቷ ቅጠል ይገለብጣሉ። ብዙ እንቁላል ጨፈለቁ። ያ ዓመት ማሳው አልተነካም አልልም፤ ተነክቷል። ግን እሸት በልተናል፣ ጎተራው ውስጥም በቆሎ ገብቷል፣ አጎቴም አላስታወከም። ይህ የሆነው በአንድ ብርጭቆና በአንድ ስም ነው።

ዘዴው ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ የኖረ ነው። አሮጌው ተምች፣ ያ በረድፍ መሬት ለመሬት የሚተመው፣ እሱም የእሳት እራት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአካባቢው አገሮች የእሳት እራቱን በብርሃን ወጥመድ፣ ኋላም የሴቷን ሽታ በያዘ ወጥመድ እየያዙ፣ እየቆጠሩ፣ ትሉ ሳይፈለፈል «በዚህ ሳምንት እዚህ አካባቢ ሊመጣ ይችላል» የሚል ትንበያ ይሠሩ ነበር። ክንፉን ቆጥሮ ትሉን መቅደም የሚባለውን ጥበብ በአያቶቻችን ዘመን የነበሩ ባለሙያዎች ያውቁት ነበር። መጤው ሲመጣ ያንን ለገበሬው ማውረድ ምን ከበደ?

ወጥመድ አልተሰቀለም እንዳይሉኝ። ተሰቅሏል። አንድ ማሳ ዳር ቢጫና አረንጓዴ ባልዲ የመሰለውን አይቻለሁ። ውስጡ በደረቀ የእሳት እራት ተሞልቶ ነበር። ለወራት ያየው የለም። ቁጥሩን ስጠይቅ ከአንድ መሥሪያ ቤት ያገኘሁት መልስ «መረጃው ለውስጥ አገልግሎት ነው» የሚል ነው። የማን ውስጥ? በቆሎው ያለው ውጭ ነው! ጠላቱ እየመጣ መሆኑን የሚናገር ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ፣ ጠላቱ የሚመጣበት ሰው ደጁ ላይ ተኝቷል።

ደግሞም ወጥመድ ያለ ዓይን ዋጋ የለውም። ወጥመዱ የያዘውን የሴቷን ሽታ ተከትሎ ሌላ የእሳት እራትም ይገባል። ሌውካኒያ ሎሬይ የሚባል፣ የገለባ ቀለም ያለው ዘመድ አለው፤ በአፍሪካ ወጥመዶች ውስጥ በብዛት ተይዞ ተገኝቷል። ነጭ ጫፉን የማያውቅ ቆጣሪ ሁለቱን አንድ ላይ ይቆጥራቸዋል፤ ከዚያ በሌለ ወረራ መርዝ ይረጫል፣ ባለ ወረራ ይተኛል። መልክን ማወቅ የምርምር ቤት ቅንጦት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። መቶ ወጥመድ ከመግዛት አንድ ጊዜ ማሳየት ይቀድማል።

በየዓመቱ የምሰማው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። «ሥርጭቱን በቁጥጥር ሥር ማዋል ተችሏል።» ይህን የሚሉትን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የትኛውን? ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ ሲሆን ከማሳው ላይ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሄደ ይመስላል። አልሄደም፤ ከእግራችሁ ሥር ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ ክንፍ እየሠራ ነው። መግለጫው በሬዲዮ በሚነበብበት ሌሊት ከአፈሩ ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ወረዳ ይበራል። ሞቃት በሆነ ወቅት ከእንቁላል እስከ ክንፍ የሚፈጅበት 30 ቀን ገደማ ነው። «ተቆጣጠርነው» የሚለው ቃል እና «አለፈን» የሚለው ቃል በአንድ አፍ ውስጥ ተምታተዋል።

በቆሎ በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ከእህል ሁሉ በምርት ብዛት ቀዳሚው እሱ ነው። ጤፍ የማይገዛው ቤት የሚያድረው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ካቢ የተባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ድርጅት ግምት እንዳለው፣ ምንም መከላከል ካልተደረገ ይህ አንድ ፍጥረት በ12 የአፍሪካ አገሮች ብቻ በዓመት ከ8.3 እስከ 20.6 ሚሊዮን ቶን በቆሎ ሊያጠፋ ይችላል። ይህን የሚያህል ምግብ የሚያጠፋን ነገር ፊቱን አለማወቅ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ በደል ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የበቆሎ አገር በሆነ ቀበሌ ያለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የወንዱና የሴቷ ሥዕል፣ ከእንቁላሉ ጋር፣ በትልቁ ይሳል። ሠዓሊ አለን፤ ቀለምም አለን። በየሳምንቱ ወጥመድ ውስጥ የተገኘው ቁጥር በአካባቢው ቋንቋ በሬዲዮ ይነገር፤ የቡናና የሰሊጥ ዋጋ እንደሚነገር ሁሉ። የክንፉ ሥዕል የሌለው ወረቀት አይታተም። በበቆሎው መሐል ዴስሞዲየም፣ ዙሪያውን ደግሞ የብራኪያሪያ ሣር የመዝራት ዘዴ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ማሳዎች የትሉን ብዛት በ82.7 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ዘሩ ለሚፈልግ ገበሬ ይድረስ። መርዝ የሚሸጥ ሰው ጓንት ሳያሳይ፣ ጠርሙሱን ምን እንደሚያደርጉበት ሳይናገር አይሽጥ።

ከተማ ያለነው ደግሞ እጃችን ንጹሕ አይደለም። ከእኛ ስንቱ ነው በበዓል ዘመድ ጥየቃ ወርዶ፣ መብራት አብርቶ፣ የመጣውን ጠርጎ የተመለሰው? እኔ ነኝ አንዱ። ያን ማታ ጉልበቴ ላይ ያረፈውን ባውቀው ኖሮ በማግሥቱ ማሳ ገብቼ አጎቴን ቅጠል አስገለብጠው ነበር። ሦስት ሳምንት በእጄ ነበረኝ። ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት።

ዝናቡ ሲገባ አገር ቤት የምትወርዱ፣ ወይም እዚያው ያላችሁ፣ ይህን አድርጉልኝ። ማታ መብራቱ ሥር ግድግዳውን ተመልከቱ። ዳለቻ ሆኖ የክንፉ ጫፍ ቦራ የሆነ ካገኛችሁ ብርጭቆ ድፉበት፣ ልጆቹን ጥሩ፣ አሳዩአቸው፣ ለጎረቤትም ንገሩ። ሲነጋ በቆሎው ውስጥ ግቡና ቅጠሉን ገልብጡ። ሻጋታ የመሰለውን በአውራ ጣታችሁ ጨፍልቁት።